ሦስት ጊዜ የተጠራው አናጢ

የእንጨት ሥራ ቤቱ ባለቤት አውራ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ጤና ጣቢያ የገባው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። የመላጊያ ማሽኑን ሥራ ሃያ ዓመት ሙሉ ለሌላ ሰው ትቶ ኖሮ፣ በዚያ ሳምንት እኔው ልሥራው ቢል እጁን አስነከሰ። ቁስሉን ልታጥብለት የተቀመጠችው ወጣት ነርስ ቀና ብላ አየችውና፣ «ደህና ነዎት ጋሼ? አላወቁኝም መሰለኝ» አለችው። ልብ ብሎ ሲያያት፣ ባለፈው ሳምንት ያባረረው፣ በሥራ ቤቱ «ዝምተኛው» የሚባለው አናጢ ልጅ ናት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ፤ ግን ወዴት ይሸሻል? እጁ በእጇ ነው።

ክፉ ቃል አልወጣትም። ቁስሉን በሳሙና እያጠበች፣ አባቷን ለምን እንዳሰናበተው ብቻ በትሕትና ጠየቀችው። እሱም ተረከላት፤ ደንበኞች ቆመው ሲያዩ ሦስት ጊዜ ቢጠራው ሰውየው ጀርባውን እንደሰጠ ቀረ። ይህ ንቀት ነው ብሎ በዚያችው ደቂቃ ሽርጡን አስወልቆ ሸኘው።

«ለምን ዝም እንዳለ ጠየቁት?»

«ልጄ፣ እኔ ነገር አላሳድርም። ነገር ሲያድር ይሻግታል። ወንድ ልጅ ቆረጠ ማለት ቆረጠ ነው፤ ከአባቶቻችን ያየነው ይህንን ነው።»

ሰው ቁጣውን የወግ ካባ ሲያለብሰው ጀግንነት ይመስለዋል። ባለቤቱም ይህን ሲናገር አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር።

ነርሷ መርፌውን አዘጋጅታ፣ ቁስሉን ከመስፋቷ በፊት የማይስማማው መድኃኒት እንዳለ ጠየቀችው። አለ፤ አንድ ጊዜ የወጉት መርፌ ፊቱን አሳብጦ ለትንሽ ነው የተረፈው። የመድኃኒቱን ስም ነገራት። እሷም የያዘችውን መልሳ ሌላ አነሣች።

«አዩ ጋሼ፣ ሳልጠይቅዎ ብወጋዎ ቀልጣፋ እባል ነበር፤ እርስዎ ግን አልጋ ላይ ይውሉ ነበር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ያሉትም እኮ አባቶቻችን ናቸው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባቴ የቀኝ ጆሮው አይሰማም። አራት ዓመቱ ነው። ሐኪሙ ያደነቆረው የማሽኑ ጩኸት ነው አለው፤ ማሽኑ ሲጮህ ደግሞ ግራው ብቻውን አይበቃውም። ያባርሩኛል ብሎ ፈርቶ ደበቀዎ።»

ባለቤቱ ፊቱ ላብ በላብ ሆነ። ያንን ሰው «ዝምተኛው» ብሎ የሰየመው እሱ ራሱ ነው፤ ሠራተኞቹንም በስሙ ስንት ጊዜ አስቋቸዋል።

ቢሆንም ልማድ በቀላሉ አይለቅምና፣ «አሁን ቃሌን ባጥፍ ሠራተኞቹ ምን ይሉኛል?» አላት።

«ተሳሳተ ይሉዎታል። ዛሬም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ የሚሉት ግን እርስዎ በሌሉበት ነው።»

ይህን ሲሰማ ብድግ ብሎ ሊሮጥ ቃጣው። «ስፌቱን ልጨርስ እንጂ» አለችውና መልሳ አስቀመጠችው።

ዝምተኛውን ያገኘው ደጃፉ ላይ የጎረቤት ወንበር ሲጠግን ነው። በግራው በኩል ተቀመጠና፣ የአናጢው ሚስት እየሰማች፣ ሳይጠይቀው እንደፈረደበት፣ በሰው ፊት እንዳዋረደው አንድ በአንድ ተናግሮ ይቅርታ ለመነው። አናጢው መዶሻውን አስቀመጠ።

«ያሳፈረኝ መባረሬ አይደለም ጋሼ» አለ። «ሃያ ዓመት አብረን ሠርተን፣ ይንቀኛል ብለው ማመንዎ ነው።»

ባለቤቱ አንገቱን ደፋ። ተመለስልኝ ቢለው፣ አናጢው ላስብበት አለ፤ አስቦም በአራተኛው ቀን መጣ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የተከሰሰ ሰው ሳይሰማና ነገሩ ሳያድር ፍርድ አይሰጥም። ማሽን ላይ የሚቆም ሁሉ ጆሮውን ይሸፍናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰው ሁሉ ግን አይለቀምም፤ የአናጢው ጆሮ እንደሆነ ተመልሶ አልመጣም። የቀረው ግን ዳነ። ሠራተኞቹ ቀስ በቀስ አፋቸውን ፈቱ። አንዱ የመጋዙ መከለያ ከላላ ወራት ማለፉን ለባለቤቱ ነገረው። ሌላው ዓይኑ ደክሞ የሜትሩን ቁጥር በግምት እንደሚያነብ ተናዘዘ።

ባለቤቱ «እስከ ዛሬ ለምን አልነገራችሁኝም?» ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። መልሱን ያውቀዋል።