ለቪዛ የተሰፋው ነጭ ቀሚስ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ልብስ የምለካባትን፣ ጭንቅላት የሌላት የእንጨት አሻንጉሊት ነጭ የሙሽራ ቀሚስ አልብሼ፣ በብብቴ ሸጉጬ ወደ ፎቶ ቤት ስሄድ መንገደኛው ሁሉ እየዞረ ያየኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሰው አየኝ ብዬ መንገድ አልቀይርም። ልጄ ያገባት ሴት የሰው አገር ሰው ናት። እሷን ወደዚህ ለማምጣት ሐሙስ ጠዋት ኢሚግሬሽን ቢሮ ማስረጃ ማስገባት አለበት። እሱ ብየዳ ቤት ስለሚውል «እማዬ፣ ጉርድ ፎቶዬን ብቻ አሳትመሽ ጠብቂኝ» ብሎ ፋይሉን ለእኔ ተወልኝ። እኔ ግን ፋይሉን ሳየው ባዶ ሆነብኝና ትንሽ ላሳምረው ተነሣሁ።

ፎቶ ቤቱ በር ላይ የጎረቤቴን ልጅ አገኘኋት። ጠበቃ ቤት ፋይል አዘጋጅ ናት። ከትንሽነቷ ጀምሮ «ማን አለ? የት ተጻፈ?» ሳትል አንድ ነገር ስለማትቀበል ሰፈሩ «አንቀጽ» ይላታል።

«እትዬ፣ ሙሽሪት ጭንቅላቷን የት ጣለችው?» አለችኝ።

«ቦርሳዬ ውስጥ ነው» አልኳት። እውነቴን ነበር።

ሳትጋበዝ ተከትላኝ ገባች። ፎቶ አንሺው «ቀና በሉ» የሚባለው ነው፤ ሰውየው ይህን ቃል ሳይናገር ሰው አንስቶ አያውቅም። ሥራውን አስረዳሁት።

«ቀሚሱን ታነሳዋለህ። ልጄን ባለፈው ሳምንት በሱፍ ያነሳኸው አለ። የዚችን ጭንቅላት ደግሞ» ብዬ ከቦርሳዬ ፎቶ አወጣሁ፤ «ከቀሚሱ ላይ ትገጥምና ሁለቱን ጎን ለጎን ታቆምልኛለህ። ከኋላቸው አበባ ይኑር።»

አንቀጽ ፎቶውን ከእጄ ተቀበለችኝ። ልጄና ሚስቱ ያኔ በሥራ ውል በሄደበት አገር፣ ማዘጋጃ ቤት ደረጃ ላይ የተነሡት ነው። እሱ የብየዳ ቱታውን፣ እሷ የፀጉር ቤት ሽርጧን ለብሳለች። ዝናብ መትቷቸዋል። አጠገባቸው የቆመው ምስክር በዚያ ሲያልፍ ተለምኖ የገባ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። በምሳ ሰዓታቸው ተጋብተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ዘንድሮ ውሉ ሲያልቅ እሱ ብቻውን ወደ አገሩ መጣ።

«ይኼ ምን ይወጣለታል?» አለች አንቀጽ።

«ይኼ የሠርግ ፎቶ አይደለም፤ አውቶቡስ ያመለጣቸው ሰዎች ፎቶ ነው። የትኛው ሹም ነው ይህን አይቶ ተጋብተዋል የሚለው?»

«የጋብቻ ምስክር ወረቀቱስ?»

«አለ፤ ተተርጉሟል፣ ማህተም ተመትቶበታል። ግን ወረቀት ብቻውን አይበቃም፣ አብራችሁ ስለመኖራችሁ ተጨማሪ አምጡ አሉት። የልጁ ስልክ እዚያው ሥራ ላይ ተቃጠለበት። የተረፈችው ፎቶ ይቺ ብቻ ናት።»

«እና እርስዎ ውሸት ሊጨምሩበት ነው።»

«ምኑ ነው ውሸቱ? ተጋብተዋል። እኔ ያልነበረ ጋብቻ አልጨመርኩም፤ ያልነበረ ልብስ ነው የጨመርኩት።»

ቀና በሉ ሳቀ። ቀና ብዬ ሳየው ካሜራውን ይወለውል ጀመር።

አንቀጽ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «እትዬ፣ አይቆጡኝ። ሹሙ ይቺ ፎቶ የተቀጠለች መሆኗን ካወቀ እውነተኛውንም ወረቀት ይጠረጥረዋል። አንድ ክር ሲመዘዝ ስፌቱ እንዴት እንደሚተረተር ለእርስዎ አልነግርም።»

«እንግዲያው ይቅር፤ በጎብኚ ቪዛ ትምጣ። በሁለት ሳምንት ይሰጣል ይላሉ። አንዴ ከገባች በኋላ ማን ያስወጣታል?»

«ቅጹ ለምን ትመጫለሽ፣ መቼ ትመለሻለሽ ብሎ ይጠይቃል። ምን ብላ ትሙላ?»

«ዘመድ ልጠይቅ፣ በወሩ እመለሳለሁ ትበላ።»

«ትመለሳለች?»

«ምን በወጣት።»

«እንግዲህ ለዚህ አገር የምትናገረው የመጀመሪያ ቃል ውሸት ሊሆን ነው። ቀኑ ሲያልፍባት ሥራ አትቀጠርም። በር በተንኳኳ ቁጥር መጋረጃ ኋላ ትገባለች። ብትታመም ሐኪም ቤት ስሟን መናገር ትፈራለች። የደረሱባት ቀን ደግሞ መባረር ብቻ አይደለም፣ ለዓመታት ተመልሳ እንዳትገባ ሊዘጋባት ይችላል። የጎብኚ ቪዛ ክፋት የለውም፤ እርስዎን አይታ ለምትመለስ ጥሩ ነው። እሷ ግን ልትኖር ነው የምትመጣው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ።»

«ተረቱን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አልኳት።

ግን በአንድ ዙር የምሸነፍ ሰው አይደለሁም። የፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ሙሽሮች አየሁና «የእጮኛ ቪዛ የሚሉትስ? እጮኛው ናት እንበል። ሠርጉን እኔ እዚህ እደግሳለሁ» አልኩ።

«እሱ ገና ላልተጋቡ ነው። የተጋባ ሰው አልተጋባሁም ብሎ ቢፈርም፣ ያው ተመልሰን ውሸቱ ጋ ደረስን። ለእነሱ ትክክለኛው ልጅዎ የጀመረው ነው፤ የትዳር ጓደኛ ቪዛ። እትዬ፣ ግን ለምንድን ነው ሠርግ ሠርግ የሚሉት?»

«አንድ ልጅ ነው ያለኝ» አልኳት። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ የምትዳርበትን ቀሚስ ስሰፋ ኖሬ፣ የራሴ ምራት በሽርጥ ታግባ?»

ቀና በሉ ከወዲያ ዞረ። አንቀጽ ተነሥታ ወደ አሻንጉሊቷ ሄደችና ቀሚሱን ትዳብሰው ጀመር። የጎኑን ስፌት ወደ ውጭ ገለበጠችው።

«እትዬ፣ ይኼ ሁሉ ትርፍ ጨርቅ ምንድን ነው?»

«ለመልቀቂያ ነዋ። ሰው ይወፍራል፤ ሴት ደግሞ ትወልዳለች።»

«ፎቶ ይወልዳል?»

ለፎቶ የሚሰፋ ልብስ ከፊት ካማረ ይበቃዋል፤ ኋላው በመርፌ ቁልፍ ቢያዝም ማንም አያይም። እኔ ግን ገበር አልብሼ፣ ጠርዙን ዘምዝሜ፣ በየጎኑ አምስት አምስት ጣት ትርፍ ትቼ ነው የሰፋሁት። እጄ ከአፌ ይልቅ ያውቅ ነበር።

«ልኳንስ ከየት አገኙት?»

«የልክ ደብተሬ ላይ አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስሰፋላት...» ብዬ አቆምኩ። ለሰፈሩ ሁሉ ምራቴን «ላም አለኝ በሰማይ» እያልኩ ሳማት ነበርና የኖርኩት።

«ስንት ሰፉላት?»

«ሰባት። ይኼ ስምንተኛው ነው። በፖስታ ነው የምልከው።»

«ሳያዩዋት ልክ መሆኑን በምን ያውቃሉ?»

«ለብሳ ተነሥታ ትልክልኛለች እንጂ» ብዬ ስልኬን ሰጠኋት።

አንቀጽ ማየት ጀመረች። እኔም እንደ ሥራዬ አስረዳኋት። ይኼ የደረት ስፌቱ እንዲታይ ነው፤ ማዕድ ቤት ቆማለች፣ ልጄ ከኋላ ሳህን ያጥባል። ይኼኛው ኮት ነው፤ ቤታቸው ደረጃ ላይ ሁለቱም በብርድ አፍንጫቸው ቀልቷል። እዚህ ጋ እጅጌው አጥሯል። ከሥሩ ራሷ በእኛ ቋንቋ «እማማ እጅጌ ትንሽ ነው» ብላ ጽፋለች፤ እኔም «ክንድሽን አጥፈሽ ነው የተለካሽው» ብዬ መልሻለሁ። አንደኛው ላይ ደግሞ ልጄ እግሯ ሥር ተንበርክኮ፣ አፉን መርፌ ሞልቶ የቀሚሷን ጫፍ ያጥፋል፤ ሁለት ጣት አሳጥር ብዬ በስልክ አዝዤው ነው።

«እነዚህን ለምን አላቀረባችሁም?» አለችኝ።

«የልክ ፎቶዎች ናቸዋ። ለሹም የእጅጌ ፎቶ ይታያል?»

አንቀጽ ስትስቅ ቆየች። ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «እትዬ፣ ማስረጃ ማለት ይኼ ነው፤ ሰው ለሹም ብሎ ያላነሳው ፎቶ። ሦስት ክረምት አልፎበታል፣ ቀን አለው፣ የፖስታ ደረሰኝ አለው፣ የልክ ደብተር አለው። በእጅጌ የሚጨቃጨቁ አማትና ምራት የውሸት ናቸው የሚል ማን አለ?»

«ይኼኛው መንገድ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ወራት። ዓመትም ሊጠጋ ይችላል፤ አልዋሽዎትም። ከመጣች በኋላ ግን በስሟ ሠርታ፣ በስሟ ታክማ፣ በር ሲንኳኳ ራሷ ትከፍታለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«ይኼንንም ተረት እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ» አልኳት። በዚህኛው ግን እየተሸነፍኩ ነበር። ወደ ቀና በሉ ዞሬ «አሻንጉሊቷን ተዋት። ከስልኬ አትምልኝ» አልኩት።

ልጄ የተንበረከከበትን ፎቶ ሲያትም «በዕድሜዬ ቀና በል የማልለው ሰው ይኼ የመጀመሪያው ነው» አለ።

ሐሙስ ልጄ ገባ፤ እኔ ውጭ ወንበር ላይ ቀረሁ። ሹሟ አንድ በአንድ አየች አለኝ። በደብተሬ ላይ የምራቴ ወገብ በሦስት ዓመት አራት ቦታ ተጽፏል፤ እሱንም አየች። መርፌው ያለበት ፎቶ ላይ ስትደርስ «አፍህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«መርፌ ነው። እናቴ በስልክ ታዘኝ ነበር።»

«አሁንም ታዝሃለች?»

«ውጭ ቁጭ ብላለች» አላት። ፋይሉን ተቀበለችው።

አሥር ወር ፈጀ። ረጅም ነው፤ አጭር ነው ብዬ አላታልላችሁም። ዛሬ ምራቴ ከሱቄ ፊት ለፊት ባለው ፀጉር ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ጥርሷን ባመማት ጊዜ ሐኪም ቤት ሄዳ ስሟን ፊደል በፊደል ስትናገር ሰምቻለሁ። ቤታችን ሲንኳኳ ከሁላችን ቀድማ የምትከፍተው እሷ ናት፤ አንዳንዴም ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ስለምትከፍት እቆጣታለሁ። በጎብኚ ቪዛ አምጥቻት ቢሆን ኖሮ መጋረጃ ኋላ ስደብቃት እኖር ነበር።

ስለዚህ ልጃችሁ ከሩቅ ያገባ እናቶች ስሙኝ። ደንቡ በየአገሩ ይለያያልና ከጎረቤት ወሬ ይልቅ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። አጭሩ መንገድ የእናንተ መንገድ መሆኑን ሳታዩ አትቸኩሉ። መልእክታችሁን፣ ደረሰኛችሁን፣ ያላማረውን ፎቶ ሁሉ አትጣሉ። የሌላችሁን ከመስፋት ያላችሁን አሳዩ።

ነጩን ቀሚስ ባለፈው እሁድ ለበሰችው። ፎቶ ቤት ልንሄድ ነበር፤ በዝናብ የተነሡትን ከአዲሱ ፎቶ ጎን ልሰቅለው። ዚፑ ግን ወገቧ ላይ ደርሶ እምቢ አለ። ልጄን አየሁት፣ መሬት መሬት ያያል። እሷን አየኋት፣ ትስቃለች። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ስፌቱን ፈታሁና ከየጎኑ ሁለት ሁለት ጣት ለቀቅኩላት።

ገና ሦስት ሦስት ጣት ይቀራል።