ጠራዡ የቆረጧቸው ዘጠኝ ገጾች

አዛውንቱ ጠራዥ በእጃቸው ያለፈውን መጽሐፍ ከሩቅ በጀርባው ይለዩታል። ያን ቀን ጠዋት ወደ ሱቃቸው ሲሄዱ ዝናብ መንገድ ላይ ያዛቸውና በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት በረንዳ ተጠለሉ። አግዳሚው ላይ አንዲት ሴት አቀርቅራ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ ጥቁር ሽፋን ያለው ጥራዝ አለ። እሳቸውም ሴትዮዋን ከማወቃቸው በፊት ጥራዙን አወቁት።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ሲጠርዙ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰፈሩ «አባባ ሙጫ» ይላቸዋል። በሥራቸው ብቻ የወጣ ስም እንዳይመስላችሁ፤ ወሬ ከጀመሩ የያዙትን ሰው አይለቁም።

«እንዴት አደርሽ ልጄ! ጥራዙስ እንዴት ነው? አማረ አይደል?» አሉ።

ሴትዮዋ ቀና አለች። ቀን ሆስፒታል እየሠራች ማታ የምትማር ነርስ ናት፤ ከሁለት ሳምንት በፊት አራት ቅጂ አምጥታ አስጠርዛለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባባ። ጥራዙስ ምን ይወጣለታል። የፈረስኩት እኔ ነኝ።»

«ምነው? ፈተና ወደቅሽ እንዴ?»

«ብወድቅ በስንት ጣዕሙ! ሌባ ነው ያሉኝ።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ጽሑፌ ውስጥ ከሰው የወሰድኩት ሐሳብ ሁሉ አጠገቡ ቁጥር አለው። ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ወዳለው የዋቢ ዝርዝር ይመራል። እዚያ ማን እንደጻፈው፣ ርእሱ፣ የታተመበት ዓመትና ቦታ፣ ገጹ ሳይቀር ተጽፏል። ገምጋሚዎቹ ቢገልጡ ዝርዝሩ የለም! ዘጠኝ ገጽ ነበር። ከአራቱም ቅጂ ጠፍቷል። ማተሚያ ቤቱ ዘሎት ይሆናል። እኔም የመዝጊያው ሰዓት ደርሶብኝ ሳልገልጠው አስገባሁት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው።»

ጠራዡ ክው አሉ።

ምክንያቱም ማተሚያ ቤቱ ምንም አልበደለም። ነርሷ መጀመሪያ መቶ ሃያ ሉህ ነው ብላቸው ነበር፤ እሳቸውም ካርቶኑንና ጨርቁን በዚያ ልክ ቆርጠው ጠበቁ። ጽሑፉ ሲመጣ ግን ወፈረና ሽፋኑ አልገጥም አለ። መጨረሻውን ቢያዩት ስምና ዓመተ ምሕረት፣ ስምና ዓመተ ምሕረት ብቻ ሆነባቸው። «ይሄ እኮ የስም ጥሪ ነው፤ ማን ያነበዋል?» ብለው ዘጠኙን ገጽ ከአራቱም ላይ አነሱት። በዚያ ላይ የጥራዝ ጀርባ ማጠናከሪያ ወረቀት አልቆባቸው ነበርና፣ ያነሱትን በቀጭን በቀጭኑ ሸንሽነው በእነዚያው ጥራዞች ጀርባ ላይ በሙጫ ለጠፉት፤ ከላዩ ሽፋኑን አለበሱት። አሳመሩት ደግሞ!

ይህን መናገር ነበረባቸው። ነገር ግን «ከእጄ የወጣ ሥራ ተመልሶ አያውቅም» ሲል የኖረ አፍ እንዲህ በቀላሉ አይከፈትም። ሰው ጥፋቱን ሊሸሽግ ሲፈልግ ደግሞ ክርክር ይወዳል። እሳቸውም አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ክርክር ጀመሩ።

«ታዲያ ዝርዝሩን ድገሚና አትመሽ ስጫቸዋ!»

«ብያለሁ። የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ ምን አሉኝ መሰልዎ? ‹አምና አንዱ በየገጹ ቁጥር ነስንሶ፣ ሲያዝ ዝርዝሩን ከሌላ ሰው ገልብጦ አመጣ። የእርስዎም ከመጀመሪያው እንደነበረ በምን እናውቃለን?› ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማስረጃ ካላመጣሁ የአራት ዓመት ልፋቴ ተሰረዘ።»

«አይ የዘመኑ ነገር! እውቀት የማንም አይደለም ልጄ። ዳቦ የሚበላ ሰው ስንዴውን ማን ዘራው ብሎ ይጠይቃል?»

«ዳቦው ካሳመመው ይጠይቃል፣ አባባ።»

ዝናቡ የበረንዳውን ቆርቆሮ ይደበድባል።

«እሺ ይሁን። በራስሽ አነጋገር ከጻፍሽውስ? ያኔ ያንቺ ሆነ አይደል?»

«ቃሉ የኔ ይሆናል፤ ሐሳቡ ግን የባለቤቱ ነው። ቃል በቃል ከወሰድኩ በትምህርተ ጥቅስ አጥሬ ገጹን እጠቁማለሁ። አሳጥሬ በራሴ አፍ ብናገረውም ስሙን አልተውም። ዋናውን ሳላነብ ሌላ ሰው ሲጠቅሰው ካየሁ ደግሞ ያየሁት እዚያ ነው እላለሁ እንጂ፣ ያላነበብኩትን እንዳነበብኩ አልመጻደቅም። ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች ለማለት ምስክር አያሻኝም። ሰው ለፍቶ ያገኘውን የኔ ነው ብል ግን የሰው ወርቅ አያደምቅ።»

«ስም ስም ትያለሽ! ዋናው ሥራው ነው።»

ነርሷ የጥራዙን ጀርባ በጣቷ ዳሰሰች። «እውነት ነው? ይሄን ድርብ ስፌት ከሱቅዎ መንገድ ማዶ ያለው ጠራዥም ይሰፋዋል አሉ።»

ጠራዡ ዘለው ተነሡ። «እሱ! ስድስት ዓመት አብሮኝ ሠርቶ፣ ከኔ እጅ አይቶ! ዛሬ በሩ ላይ ‹የድርብ ስፌት ፈልሳፊ› ብሎ ለጥፏል። ፈልሳፊ! ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት ሰላም ብዬው አላውቅም!»

«ለምን፣ አባባ? ስፌት የማንም አይደለም። መጽሐፉ ከጸና ማን ፈለሰፈው ብሎ የሚጠይቅ አለ?»

ጠራዡ በገዛ ወስፌያቸው ተወጉ። ነርሷ አሸነፍኩ ብላ ፈገግ አላለችም፤ የፈገግታ ቀን አልነበረም። እሳቸውም ተመልሰው ተቀመጡ።

«የክብር ነገር ብቻ ቢሆን እንኳ እተወው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ጽሑፌ ለረጅም ጊዜ የተኙ ሕመምተኞች ገላ ላይ ስለሚወጣው ቁስል ነው። እኛ ክፍል ግድግዳ ላይ በሽተኛ በየስንት ሰዓቱ እንደሚገላበጥ የሚያዝ ወረቀት ነበር። ይህን ያለው ማን ነው? ብዬ ጠየቅሁ። ‹ድሮም ያለ ነው› አሉኝ። ለካ ከሌላ ሆስፒታል የተገለበጠ ነው። እዚያ ሄድኩ፤ እነሱ ከአንድ መመረቂያ ጽሑፍ ነው የወሰዱት። ጽሑፉ ደግሞ ከየት እንዳመጣው አይናገርም። ስምንት ወር ፈልጌ ዋናውን መጽሐፍ አገኘሁት። ሰዓቱ የተጻፈው ራሳቸው መንቀሳቀስ ለሚችሉ ሕመምተኞች ነው። እኛ እጅና እግራቸው ለማይታዘዝ ስንሠራበት ኖርን። ያ ተማሪ የመጽሐፉን ስምና ገጹን ጽፎ ቢሆን፣ አንድ ሰው ገልጦ ያርመው ነበር። አንድ መስመር ነው፣ አባባ።»

ጠራዡ ዓይናቸውን ከጥራዙ አንስተው ወደ እሷ ዞሩ።

«የትኛው ክፍል ነው?» አሉ።

«ሁለተኛ ፎቅ፣ የሴቶች ክፍል።»

«ባለቤቴ እዚያ ተኝታ ነበር። አንድ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት። ቤት ስወስዳት ያንን ወረቀት በእጄ ገልብጬ ከአልጋዋ ራስጌ ሰቀልኩት። በሰዓቱ አገላብጣት ነበር፤ አንድም ቀን አላዛነፍኩም። ጀርባዋ ቆስሎ ስትሞትብኝ ‹ዕድሌ ነው› አልኩ።» እንባቸው ወረደ። ሽማግሌ እንደዚያ ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው።

«እርስዎ ምን ያውቁ ነበር» አለችና እጃቸውን ያዘች።

እጇን ቀስ ብለው አስለቀቁ። «ተይ፣ አትያዥኝ። ማተሚያ ቤቱ አይደለም፣ ልጄ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

ነርሷ ብድግ አለች። «ምን አሉኝ? እኔ እንዲህ ሳለቅስ አጠገቤ ቁጭ ብለው ይከራከሩኛል?»

«ፈርቼ ነው።»

ዞረችባቸው፤ ዝናቡን እያየች ቆየች። ልትሄድ ሁለት እርምጃ ከተራመደች በኋላ ተመለሰች። «ወረቀቶቹስ? ጣሏቸው?»

አዛውንቱ መዳፋቸውን በጥራዙ ጀርባ ላይ አሳረፉ። «እዚህ ውስጥ ናቸው። አልጠፉም።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱ ገምጋሚዎች ሰፊው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሳለ፣ ነርሷ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ገባች። ሽማግሌው ቢላዋና ወስፌ ከኪሳቸው ሲያወጡ አንደኛው ገምጋሚ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።

«አይፍሩ ጌታዬ፤ የምቆርጠው የገዛ ሥራዬን ነው» አሉ ጠራዡ።

ለሰብሳቢው ተሰጥቶ የነበረውን ቅጂ አስተኙ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲኮሩበት የኖሩትን ሥራ ከራሱ እስከ ግርጌው ሰነጠቁት፤ ሽፋኑን ገፈፉት። ጀርባው ላይ በደረቀ ሙጫ መካከል ስስ ስስ ወረቀቶች ተደራርበው ታዩ፤ በላያቸውም ስም፣ ርእስ፣ ዓመት፣ ገጽ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አስተካክለው ከጽሑፉ ውስጥ አርባ ሦስት ቁጥርን መረጡ። ወረቀቱ ላይ አርባ ሦስትን ፈለጉ፤ ያው መጽሐፍ ነው። ሌላ ሞከሩ፤ ገጠመ። ሌላም።

«ጥፋቱን ስትመዘግቡ ‹ጠራዡ ቆረጠው› ብላችሁ ስሜን ጻፉ» አሉ አዛውንቱ። «አይጥ በበላ ዳዋ አይመታ።»

ሰብሳቢው ወደ ነርሷ ዞሩ። «ይቅርታ ያድርጉልን። ሌባ ብለናል። ለማለት ማስረጃ አልነበረንም፤ የምናስተምረውን እኛው አልፈጸምነውም» አሉ። ነርሷ እጅ ነስታ አመሰገነች።

ሰብሳቢው ያንን የተገፈፈ ጥራዝ አንስተው ሉሁን ጎተት አደረጉት። ሙጫው ለቋል፤ ሽፋኑ ሄዷል፤ ከመቶ ሃያው ሉህ ግን አንድም አልወለቀም።

«ግሩም ስፌት ነው! የማን ፈጠራ ነው?»

ለዚህ ጥያቄ ጠራዡ የሠላሳ አንድ ዓመት መልስ አላቸው። «የኔ» ሊሉ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ነርሷን አዩ።

«የባለቤቴ ነው» አሉ። «ልብስ ሰፊ ነበረች። መጽሐፍ እየፈረሰብኝ ስናደድ አየችኝና፣ የኮት ትከሻ የምትሰፋበትን አሰፋፍ አሳየችኝ። ከሱቄ ማዶ ያለውን ጠራዥ አሥራ ስምንት ዓመት ሌባ እያልኩ ስኖር የእሷን ስም ለአንድ ሰው እንኳ አልነገርኩም። ዛሬ መናገሬ ነው።»

ሰብሳቢው ቀስ ብለው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» አሉ፤ ቃለ ጉባኤ ይዞ የተቀመጠው ጸሐፊም ሳይታዘዝ የስፌቱን ባለቤት ስም ጠየቀና መዘገበ።

ምንጭ መጥቀስ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር ወደ አባባ ሙጫ ሱቅ ጎራ ይበል። ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚገልጡት መጨረሻውን ነው፤ ዝርዝር ከሌለው ክር አያስገቡም። «የለፋው ሰው ክብሩን ያገኛል፤ አንተም ከሐሜት ትድናለህ፤ ስሕተት ቢኖር ደግሞ ተከትሎ የሚያርመው መንገድ አለው፤ የታመመ ሰው በሌላ ሰው ጥፋት አይሞትም» እያሉ ተማሪውን ያስተምራሉ። አሁንም የያዙትን ሰው አይለቁም።

በማግሥቱ መንገዱን ተሻግረው ማዶ ሱቅ ገቡ። ባለሱቁ ለጠብ የመጡ መስሎት ተነሣ።

«ተቀመጥ» አሉት። «ስፌቱ ያንተ አይደለም። የኔም አልነበረም።» ነገሩን ሁሉ ነገሩት። ሰውየው ባለቤታቸውን ያውቃታል፤ የተቀደደ ኮቱን ሰፍታለታለች። ምንም ሳይናገር መሰላል አውጥቶ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ይፍቅ ጀመር፤ አዛውንቱ ከታች መሰላሉን ያዙለት።

ዛሬ ከሁለቱም ሱቅ የሚወጣ ጥራዝ ሁሉ የመጨረሻው ሽፋን ውስጥ በትንሽ ወረቀት የአንዲት ልብስ ሰፊ ስም ተለጥፎበት ይወጣል።