የእሳትና የውሃ ኮከብ

ሰው ጨረቃን ረገጠ የተባለበት ክረምት አልፎ የጅማ ሰማይ በጠራበት ሰሞን፣ ወይዘሮ ተናኘ ከኮከብ ቆጣሪ ቤት ሲመለሱ ቦሳ ኪቶ መንገድ ላይ ጎረቤታቸውን መምህር ሣህሉን አገኙት። ፊታቸው መጥቆሩን አይቶ ቆመ።

«እትዬ ተናኘ፣ ደህና አይደሉም እንዴ?»

«ምን ደህና አለ፣ ልጄ። የልጄን የየኔነሽን ኮከብ አስቆጥሬ መምጣቴ ነው። እሷ እሳት፣ ያ ሊያገባት የሚፈልገው የሸቤው ዓምደሚካኤል ውሃ ሆነው ተገኙ። እሳትና ውሃ ባንድ ጎጆ አይኖሩም። ነገ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እምቢ ልል ነው።»

ልጁን ግን ወደውት ነበር።

«ቆጣሪው ኮከቦቹን አይቷቸው ያውቃል?»

«ምን ያያል፣ በስም ፊደል ነው የሚቆጥረው።»

«እንግዲያው ሲመሻሽ ብቅ ይበሉና እርስዎ ይዩዋቸው።»

ሣህሉ በጓሮው ያቆመውን ቴሌስኮፕ ሰፈሩ «የሣህሉ መድፍ» ይለዋል። መስተዋቱን ወራት ሙሉ ራሱ አሽቶና ወልውሎ፣ ቱቦውን ቆርቆሮ ሠሪው ሸኩር ጠቅልሎለት፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ነገር ሆኗል። ወይዘሮ ተናኘም ሲስቁበት የኖሩ ናቸው፤ ግን የልጅ ነገር አያስቀምጥምና ሲመሽ ነጠላቸውን ተከናንበው ሄዱ።

ሣህሉ አንዲት ደብዘዝ ያለች ኮከብ በጣቱ አሳያቸው።

«ስንት ናት?»

«አንድ ናታ።»

«አሁን በዚህ ይዩ።»

በርጩማ ላይ ወጥተው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንዷ ኮከብ ሁለት ሆናለች፤ አንደኛዋ እንደ ፍም ወርቃማ፣ ሌላዋ ሰማያዊ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«እሰይ» አሉ ቀስ ብለው። «እሳትና ውሃ አብረው። በቃ፣ የልጆቹ ኮከብ ገጠመ ማለት ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ዝም ብሎ ሠርጉን ይበላ ነበር። ሣህሉ ግን ለሐሰት አልተፈጠረም።

«አይ እትዬ፣ ይህም ምልክት አይደለም። እኒህ እጅግ ሩቅ ያሉ ፀሐዮች ናቸው። የኔነሽ የምትባል ልጅ መኖሯንም አያውቁም። አምረው ይታያሉ እንጂ ስለ ትዳር አይጠየቁም።»

«ታዲያ ማን ይጠየቅ?»

«የልጁ ጎረቤቶች ይጠየቁ። ይጠጣል ወይ? ሲቆጣ እጁን ያነሳል ወይ? እናቱንስ እንዴት ይይዛል?»

ወይዘሮ ተናኘ ዓይናቸውን ከመነጽሩ አላነሱም።

«የእኔና የአባቷ ገጥሞ ነበር» አሉ። «መሬትና ውሃ፣ ቡቃያ የማይጠፋበት ቤት ተብለን። ሰክሮ ሲደበድበኝ እናቴ ‹ኮከባችሁ ገጥሟል፣ ቻይው› ትለኝ ነበር። ቆጣሪው ዱላውን አላየውም።»

ሣህሉ እጃቸውን ይዞ ቀስ አድርጎ አወረዳቸው።

ቤት ሲደርሱ የኔነሽ ፋኖስ አብርታ ፍርዷን ትጠብቃለች።

«ለሽማግሌዎቹ ቀጠሮ እሰጣለሁ» አሏት። «ከዚያ ሸቤ ወርጄ ስለ ልጁ እጠይቃለሁ። አንቺን ግን እስካሁን የጠየቀሽ የለም። ትወጂዋለሽ ወይ?»

የኔነሽ የእናቷን ጉልበት አቅፋ አለቀሰች፤ እሳቸውም ልቅሶው የደስታ መሆኑን አወቁ።

ሸቤዎች ለዓምደሚካኤል መሰከሩለት፣ ሠርጉም በጥር ሆነ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ እናቶች በፊደል ቆጠራ የተዋደዱትን መለየት፣ የማይዋደዱትንም ማሰር ተዉ፤ ኮከብ ለማየት ግን ሣህሉ ጓሮ ይሰለፋሉ። ወይዘሮ ተናኘም በርጩማው ላይ የምትወጣውን ሁሉ ደግፈው ይይዙና፣ «እዪ፣ ጥገቢ» ይላሉ። «ልጅሽን ግን ቤት ገብተሽ ጠይቂያት።»