የቦራ ልብ

በ2003 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ ሰባተኛ በሚባለው የገበያ ሰፈር ግርግር መሃል ስጣደፍ የጎረቤታችንን የጋሽ ባህረዲንን ልጅ ኢክራን አገኘኋት። የእንስሳት ሐኪም ከሆነች ገና ዓመቷ ነው። ከባድ ቦርሳ አንግታለች።

«እትዬ ሸዋርካብሽ ላማቸውን በጋለ ብረት ሊያስተኩሷት ነው አሉ፤ ና እንሂድ!» አለችኝ ሳትቆም።

እትዬ ግቢ ስንደርስ ብረቱ ከሰል ውስጥ ቀልቷል። ላሚቱ ቦራ አንገቷን ዘርግታ ታቃስታለች፤ መተኛትም መቆምም አቅቷታል። ደረቷ ሥር ያለው እብጠት ተንጠልጥሏል። እትዬ ሸዋርካብሽ በጠባቡ ግቢ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚህች ላም ወተት ነው።

«እትዬ፣ እባክዎ ብረቱን ያቆዩልኝ» አለች ኢክራ።

«አባቴ እብጠት ሲተኩስ እያየሁ ነው ያደግሁት። አንቺስ ትናንት እዚህ በር ላይ ሱዚ ስትዘይ አልነበር?»

«ነበር፤ የቦራንም ወተት ጠጥቻለሁ። ሕመሙ እብጠቱ ላይ ባይሆንስ? ልቧን እንየው።»

«ልብ የሚያይ እግዚአብሔር ብቻ ነው!»

«እሱ ሐሳቧን ነው እትዬ፤ እኔ ሥጋውን ብቻ።»

እኔ ሳቅሁ፤ እርሳቸው አልሳቁም። ግን አልከለከሏትም።

ኢክራ ከላሚቱ ክርን በስተኋላ፣ በጎድኖቿ መሃል ያለውን ፀጉር ላጨች፤ ከቦርሳዋ የአልትራሳውንድ መሣሪያ አውጥታ፣ ቅባት ቀብታ መዳሰሻውን አስጠጋች።

«ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ገብቶ ነጥሮ ሲመለስ መሣሪያው ሥዕል ያደርገዋል። ግራጫው የልቧ ግድግዳ ነው። የሚከፈት የሚዘጋው የደሙ በር ነው። ዙሪያውን የከበበው ጥቁር ግን ፈሳሽ ነው። ልቧ ታፍኖ መዘርጋት አቅቶታል፤ ደረቷ ያበጠው ለዚህ ነው።»

እትዬ ወደ ሥዕሉ ጎንበስ አሉ። «ይኼ የሚታገለው... የሷ ልብ ነው? ምን አደረግኋት?»

«ከሱቆቹ በር በሚሰበስቡላት ጎመን ውስጥ የጨርቅ ጣቃ ማሰሪያ ሽቦ አይጠፋም። ላም ሳታላምጥ ትውጣለች። ከሆዷ አልፎ ልቧን ሳይወጋት አልቀረም።»

«ትድናለች?»

«እዚህ ከደረሰ የሚድኑት ጥቂት ናቸው። ፈሳሹን ቀድቼ ላቀልላት እችላለሁ። ብረቱ ግን ሥቃይ ይጨምራል እንጂ ልቧ ዘንድ አይደርስም።»

እትዬ ከሰሉ ላይ ውሃ ደፉበት።

ቦራ አልተረፈችም። መሣሪያው ሁሉን አያድንም፤ የታመመውን ትቶ ሌላውን ከማቃጠል ግን ይጠብቃል። የቦራን ልጅ፣ ጊደሯን፣ ኢክራ ማግኔት አስዋጠቻት፤ የምትውጠውን ብረት ሆዷ ውስጥ ይዞ ያስቀርላታል። እትዬም በየሱቁ እየዞሩ ማሰሪያ ሽቦውን ለብቻ እንዲያስቀምጡ ይለምናሉ።

«የላም ልብ አየሁ አሉ!» ብለው ነጋዴዎቹ ይስቃሉ።

«ሳቁ» ይላሉ እትዬ፣ ወደሚቀጥለው ሱቅ እየተጣደፉ፤ «እኔ ሲታገል አይቼዋለሁ።»