የየኔታ ጣት

ከአርብ ገበያ በሚኒባስ ስንመለስ ከፊቴ ባለው ወንበር አንድ የድጓ መምህርና ትምህርታቸውን በኢንተርኔት የሚያሰራጭላቸው ዲያቆን ተቀምጠው ነበር።

«ጣቴን የት አደረስኸው?»

«የኔታ፣ ቪዲዮው ከብዶ አልጫን ሲለኝ ወደ ድምፅ ቀየርሁት። ዜማ በጆሮ ነው ብዬ።»

«በጆሮ? ከፊደሉ በላይ ያለውን የዜማ ምልክት በጣቴ እያሳየሁ አይደል ያስተማርሁህ?»

«ነው፣ የኔታ።»

«ታዲያ ሩቅ ያለው ተማሪ ምኑን ይከተል?»

«መቀየሩን ገና እየለመድሁት ነው።»

«በኔ ጣት ትለማመዳለህ? ዋናውን አምጣ።»

«ስልኬ ሞልቶ... አጠፋሁት።»

«ዓይኔ እየደከመ መሆኑን እያወቅህ!»

ዲያቆኑ ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተ።

«ነገ ጠዋት፣ ፊደሉ ሳይጠፋብኝ፣ እንደገና ትቀርጻለህ። ከከበደህ ፊቴን ቁረጠው። ጣቴን ከነካህ ግን ውርድ ከራሴ።»

እኔ ሽማግሌው፣ አፍንጫዬን ከማከክ ሌላ ሥራ ሰጥቼው የማላውቀውን ጣቴን ቀስ ብዬ ከጋቢዬ አውጥቼ አየሁት።