አዮዲን ያጠቆረው የእናት ቡላ

ላቦራቶሪ ከመግባታችሁ በፊት ማኑዋሉን አንብቡ እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮኼአለሁ፤ ማን ሰምቶኝ! ለስታርች ምርመራ አንድ ማንኪያ ጥሬ ቡላ እንደሚበቃ ማኑዋሉ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ታምራት የሚባለው ተማሪዬ ግን ሳያነብ አንጋጫ ከተማ ያሉት እናቱ ጋ ደውሎ "መምህሩ ቡላ አምጡ ብሎናል" ይላቸዋል።

በማግስቱ እናት ራሳቸው በሚኒባስ ሆሳዕና ድረስ መጥተው ትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ከች አሉ። ቡላውን ገንፎ አገንፍተው፣ ቅቤ አጥግበው፣ በትልቅ ድስት! "መምህር፣ ሳይበርድ ይብሉ፤ ልጄን አደራ" አሉኝ። ላቦራቶሪው በቅቤ ሽታ ታወደ። አንዱ ተማሪ የኬሚካል ማንኪያ ይዞ ወደ ድስቱ ሲጠጋ እጁን ለቀም አደረግኩት።

"እናቴ፣ የፈለግነው ለምርመራ ነበር" ብዬ ከገንፎው ቆንጠር አድርጌ ለብቻው አስቀመጥኩና አዮዲን ጠብ አደረግኩበት። ወዲያው ጥቁር ሰማያዊ ሆነ።

እናት ክው አሉ። "የእኔ ቡላ? አንጋጫ በሙሉ የሚያመሰግነው ቡላ?"

"ስታርች ያለበት ነገር ሁሉ አዮዲን ሲነካው ይጠቁራል፤ ማኑዋሉም ይህንኑ ነው የሚለው" አልኳቸው።

ወደ ልጃቸው ዞሩ። "እና ተጽፎልህ እያለ ሳታነብ ነው ቡላዬን በሰው ፊት ያስጠቆርክብኝ?"

ከዚያ ወዲህ በየላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜው ዋዜማ ለታምራት ይደውላሉ፦ "ነገ ደግሞ ምንድን ነው የሚጠቁረው?" መልስ ካጣ "መጣሁ!" ነው የሚሉት። ልጁ አሁን ማኑዋሉን በቃሉ ይወጣዋል። ጓደኞቹ ግን "ኧረ አንድ ቀን እንኳ አታንብብ፤ ይምጡልን!" እያሉ ይለምኑታል። ቆጣ ብዬ ዝም አሰኛቸዋለሁ፤ እኔም በሆዴ ድስቱን እያሰብኩ።