መስክ ላይ ነኝ

እናት ስልክ በደወለች ቁጥር ልጇ «መስክ ላይ ነኝ እማ፣ መልሼ እደውላለሁ» ትላለች። መልሳ አትደውልም። እናት ባዶ ቤቷ ውስጥ ያቺን ቃል ስታላምጥ ታመሻለች፤ የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛ የነበረው ባሏም መስክ ወጣሁ ብሎ ነው የቀረው። ኃይል የለውም ብሎ የነካው ሽቦ ኃይል ነበረው።

በአንድ ዝናባማ ቀን ሹራብ በፌስታል ይዛ ወደ ልጇ መሥሪያ ቤት ሄደች። በሩ ላይ የባሏን የሥራ ጓደኛ፣ ሽማግሌውን የመስመር ሠራተኛ አገኘቻቸው።

«እርስዎ ደግሞ ምን እግር ጣለዎት?» አሉ ካፖርታቸውን እያራገፉ።

«ልጄን ላያት ነው። ምናልባት ወድቃ ሆስፒታል ገብታ ይሆናል፣ ደብቀውኝ ይሆናል።»

«ኧረ ክፉ አይናገሩ። እኔ ይቺን ውሸታም ልመልስ ነው የመጣሁት» ብለው የክብሪት ቀፎ የምታክል መሣሪያ አሳዩዋት። ኃይል ያለው ሽቦ ሲቀርባት የምትጮህ ማስጠንቀቂያ ነበረች።

ልጅቷን ያገኟት መስኮት በሌለው ክፍል፣ ፊት ለፊት በቆሙ ሁለት ሰፋፊ የብረት ሰሌዳዎች አጠገብ ነው። እናት ግድግዳውን ተደገፈች።

«መስክ ላይ ነኝ ስትይኝ አልነበር?»

«ይኸው እማ፣ መስኩ በነዚህ በሁለቱ መሐል ያለው ነው።»

እናት ብታይ፣ ባዶ ነው። ሽማግሌው ሳቁ። «ይሄ እንኳን ላም ፍየልም አያጠግብ።»

«የኤሌክትሪክ መስክ ነው ጋሼ። አንዱን ሰሌዳ ከመሬት አገናኝና ለሌላው ቮልት እሰጠዋለሁ። ጠርዙ ጋ ይጣመማል፤ መሐሉ ላይ ግን የትም ቢለኩት እኩል ነው። ቮልቱን በሰሌዳዎቹ ርቀት ሳካፍለው ልኩን አውቃለሁ። መሣሪያዋ ከዚያ የተለየ ካለች ዋሽታለች ማለት ነው።»

«እንግዲያው መርምሪያት። ትናንት ኃይል ያለው ሽቦ ስር ቆሜ ትንፍሽ አላለችም። የእጄን ጀርባ ጠጋ ሳደርግ ፀጉሩ ቆመና ተረፍኩ። እጅ አይዋሽም፤ ይህን ያስተማረኝ አባትሽ ነው። ነገ አብረውኝ የሚሠሩትን ልጆች ሁሉ ይቺን አስወልቃቸዋለሁ።»

እናት አንገቷን ደፋች። የሌሎች እናቶች ልጆች በዓይኗ ዞሩ።

ልጅቷ መሣሪያዋን በፕላስቲክ ክር መሐል ላይ ሰቅላ እናቷንና ሽማግሌውን ወደ ኋላ አራቀችና ማብሪያውን ተጫነች። መሣሪያዋ ጮኸች፤ መስታወቷ ላይ የወጣው ቁጥርም ልክ ነበር።

«አልዋሸችም። ትናንት የት ነበር ያደረጓት?»

«ከካፖርቴ ስር። ዝናብ እንዳይነካት ብዬ።»

ልጅቷ ኃይሉን አጠፋች። ከእናቷ ፌስታል ሹራቡን አውጥታ እጅጌውን ውኃ ነከረችና መሣሪያዋን ጠቀለለችበት።

«እንድትለብሺው ነበር እኮ» አለች እናት።

ልጅቷ መልሳ ሰቅላት ኃይሉን አበራች። መሣሪያዋ ዝም አለች።

«እርጥብ ልብስ መስኩን ይጋርዳል ጋሼ። እሷ ደንቆሮ አይደለችም፣ እርስዎ ጆሮዋን ደፍነዋት ነው።»

«እሺ፣ እጄስ? እጄ አልነገረኝም?»

መልሱ ከእናት መጣ። «የአባቷም እጅ ነግሮት ነበር። ሽቦው ምንም የለበትም ብሎ ነገረው።»

ሽማግሌው የእጃቸውን ጀርባ ገልብጠው ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ መሣሪያዋን ተቀብለው ካፖርታቸው ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ ደረታቸው ላይ አንጠለጠሏት። «ልጆቹንም ከላይ አንጠልጥሉ እላቸዋለሁ። ለምርመራም እያመላለስኩ አመጣልሻለሁ።»

እጅ የሚናገረው ሽቦው ጋ ከደረሰ ወዲያ ነው፤ ያም የሚሆነው ከተናገረ ነው። በታወቀ መስክ የተፈተነች መሣሪያ በትክክል ከተንጠለጠለች ግን ከሩቅ ታስጠነቅቃለች፤ ሰውም ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ልጅቷ ሹራቡን ወንበር ላይ አሰጣች። «አሁን ሂጂ እማ። ሰው አጠገቡ ሲቆም መስኩ ይጣመማል።»

ማታ እናት ደወለች።

«መስክ ላይ ነኝ እማ።»

«መሐሉ ላይ ነሽ?»

«አይ፣ እኔ ራቅ ብዬ ነው የምቆመው።»

«ጎሽ፣ ራቅ በይ» አለች እናት። ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ከጆሮዋ አላነሳችውም።